ያነሣነውና ያልመለስነው፦ በራሳችን 24 ፎቶግራፎች ላይ የቀረበ ሂስ

እንደምታውቁት ይህች መጽሔታችን በማባዣ የምትወጣ ናት። ጽሑፍ ትችላለች፤ ፎቶግራፍ ግን አትችልም። ፎቶግራፍ የገባባት እንደሆነ ሰውም ዛፍም ባንድነት ይጠቁርና የቀለም እድፍ ይመስላል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ፎቶግራፍ የምንጽፈው ፎቶግራፎቹን ሳናሳያችሁ ነው። ለእናንተ ጉዳት ሳይሆን አይቀርም። ለእኛ ግን ጠቅሞናል፤ ያነሣነውን ነገር በቃል ለማስረዳት ስንቀመጥ ነው ምን እንዳነሣን የገባን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ሆነን እዚሁ ዲላ ከተማ ከጥቅምት ወር ጀምሮ ፎቶግራፍ ማንሣት እየተማርን ነው። አስተማሪ የለንም። ያለን ካሜራ አንድ ነው፤ እሱም ወንድሙ ሠርግ የሚያነሣ ጓደኛችን፣ ሠርግ በሌለበት ቀን እየለመነ የሚያመጣልን አሮጌ ካነን ነው። የቀረውን በስልካችን እንሞላለን። በአራት ወር ውስጥ ከሁለት ሺህ በላይ ፎቶ አነሣን። ከዚያ መካከል 24 መርጠን፣ የሻይ ገንዘባችንን አዋጥተን አሳተምንና በመኝታ ቤታችን ኮሪደር ላይ ሲባጎ ወጥረን በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልናቸው። ሦስት ቀን ቆዩ። ያየው ሁሉ «አሪፍ ነው» እያለ አለፈ።

«አሪፍ ነው» ደግ ቃል ነው፤ ሂስ ግን አይደለም። በነዚህ ገጾች ላይ የሰው ግጥም ስንት ጊዜ አብጠርጥረናል! ቤት አልመታም ብለናል፣ ሐሳቡ ዘሏል ብለናል፣ ቃላቱ ተውሶ ናቸው ብለናል። ታዲያ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እንዳንባል፣ አንድ ጊዜ እንኳ የራሳችንን ድስት ከፍተን እንይ ብለን ይህን ጻፍን።

ግጥም ወይም አጭር ልብ ወለድ ስንመረምር ዘወትር ሁለት ጥያቄ እናቀርባለን። ይዘቱ ምንድን ነው? ቅርጹስ ይዘቱን ተሸክሞታል ወይ? ፎቶግራፍ ላይ ስንደርስ ግን ይህን ረሳነው። ይዘት ማለት ከፊታችን የቆመው ነገር፣ ቅርጽ ማለት ደግሞ የካሜራው ሥራ መሰለን። ስሕተታችን ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ስለሆነ አንድ ባንድ እንሂድበት።

ስለ እፍኙ ቡና

ከ24ቱ ውስጥ ሰባቱ ስለ ቡና ናቸው። ከሰባቱ አራቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ፎቶ ናቸው። ሁለት እጆች ተገጣጥመው ቀይ እሸት ቡና ሞልቶባቸዋል። የእጁ ባለቤት ከደረቱ በላይ የለም። አንዱን ይርጋ ጨፌ፣ አንዱን ኮቸሬ፣ ሁለቱን ወናጎ አነሣናቸው። ቦታው ሦስት፣ ሰዎቹ አራት፣ ፎቶው ግን አንድ።

ከየት አመጣነው? ከዛፉ ሥር አላገኘነውም፤ ይዘነው ነው የሄድነው። የይርጋ ጨፌ ስም ዓለም ላይ በሚሸጥበት ማሸጊያና ማስታወቂያ ሁሉ ላይ ያለው ፎቶ እኮ ይኸው ነው። ገበሬውን «እስቲ እፍኝ ያዙልን» ያልነው እኛ ነን። ሰውዬው ለቅሞ ቅርጫት ውስጥ የጨመረውን መልሶ ዘግኖ ያዘልን። በሥነ ጽሑፍ ቋንቋ ብንናገር፣ የተዋስነውን ዘይቤ የራሳችን አስመስለን ጻፍነው ማለት ነው። በሰው ግጥም ላይ ብናየው ኖሮ አንምርም ነበር።

ጉዳዩ መዋስ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የጌዴኦ ቡና ብቻውን የሚቆም ተክል አይደለም። ከላይ ዋንዛና ብርብራን የመሳሰሉ ትልልቅ ዛፎች፣ ከነሱ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከዚያ በታች ደግሞ ሌላ ሌላው አትክልት፤ ፎቅ በፎቅ የተሠራ እርሻ ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተደረገው ስብሰባ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው በዚህ አብሮ የመኖር ሥርዓት፣ በተከበሩት ደኖቹና በትክል ድንጋዮቹ ነው። ቡናው ገንዘብ ያመጣል፤ ቤት የሚያድር ሰው የሚበላው ግን ቆጮ ነው። እኛ በእፍኙ ፎቶ ዛፉን ቆረጥን፣ እንሰቱን ቆረጥን፣ ሰውዬውንም ከአንገቱ በላይ ቆረጥን። የቀረው ለገዢ የሚታየው ቀይ ፍሬ ብቻ ነው።

አንድ ሰው «ታዲያ ጓሮውን እንዳለ አታነሡትም ነበር?» ቢለን መልሳችን «አቃተን» ነው። ከውስጡ ሲቆሙ ሁሉም አረንጓዴ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ የለም፤ ብርሃኑም በቅጠል መሐል እየተንጠባጠበ ነው የሚወርደው። እፍኝ ቡና ግን ዝግጁ ነው፤ ቀይ ከጥቁር አፈር ላይ ይጮኻል። ቀላሉን መረጥን። ከሰባቱ አንዷ ብቻ፣ 11ኛዋ፣ ሞክራለች። መሬት ላይ ተንጋለን ወደ ላይ ያነሣናት ናት። የዋንዛው ግንድ ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ ግራና ቀኝ የእንሰት ቅጠል አለ፤ በመሐል አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ይታያል፤ ግማሽ ፊቱን ቅጠል በልቶታል። ፎቶዋ ጎደሎ ናት። ሆኖም ከአራቱ እፍኞች ይልቅ እሷን እንመርጣለን፤ ቢያንስ ሄደን ያየነውን ነው የምትናገረው።

ስለ ጠቆረው ፊት

6ኛው ፎቶ ብዙ የተመሰገነው ነው። አንዲት እናት እንሰት ሥር ተቀምጠው እንሰት ይፍቃሉ። ከኋላቸው ግልጥ ሜዳ አለ፤ ሜዳው ላይ ቡና የተሰጣበት የማድረቂያ አልጋ በፀሐይ ያበራል። የእናቲቱ ፊት ጥቁር ነው። ዓይን የለም፣ አፍ የለም፣ ቅርጹ ብቻ። ኮሪደር ላይ የቆመ አንድ ጓደኛችን «ጥላው ነው ውበቱ፤ ሆን ብላችሁ ነው አይደል?» አለን። እኛም ዝም አልን። ዝምታችን ውሸት ነበር። ሆን ብለን አይደለም፤ አላወቅንም።

ያላወቅነው ነገር ይኸው ነው፤ ለሚማር ሰው ይጠቅማልና ዘርዘር እናድርገው። ካሜራ ብርሃን የሚመጥንባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ በኤፍ ቁጥር ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ሁለተኛው መዝጊያው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ሦስተኛው አይኤስኦ የሚባለው፣ ፊልሙ ወይም በዘመኑ ካሜራ ውስጥ ያለው ዳሳሽ ብርሃን የመቀበል አቅሙ ነው። የፊልም ዘመን ሰዎች መለኪያ ሳይዙ የሚሠሩበት አንድ ሕግ ነበራቸው። ፀሐይ በደንብ ከወጣች ቀዳዳውን 16 ላይ አድርግ፣ ጊዜውን ደግሞ አንድ ለአይኤስኦው ቁጥር አድርግ። አይኤስኦህ 100 ከሆነ የሰከንድ አንድ መቶኛ ገደማ ማለት ነው። ዛፍ ጥላ ውስጥ ከገባህ ግን ቀዳዳውን እስከ 4 ክፈት። ከ16 ወደ 11፣ ወደ 8፣ ወደ 5.6፣ ወደ 4፤ አራት እርከን ነው። እያንዳንዱ እርከን ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል። ሁለት ጊዜ ሁለት እያላችሁ ብትቆጥሩ 16 እጥፍ ይመጣል።

እንግዲህ በማድረቂያው አልጋና በእንሰቱ ሥር መካከል ያለው እርምጃ ዐሥር አይሞላም፤ የብርሃኑ ልዩነት ግን 16 እጥፍ፣ ቅጠሉ ሲጠና ከዚያም በላይ ነው። ዓይናችን ሁለቱንም አስማምቶ ያያል። ካሜራው አይችልም፤ አንዱን መምረጥ አለበት። መለኪያው ደግሞ ከፊቱ ያለው ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ፣ ማለት ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ ነገር ነው ብሎ ይገምታል። ሜዳው ሲበዛበት «ኧረ ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል። እናቲቱ ይጨልማሉ። በአንጻሩ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው ፎቶውን ቢሞላው ነጠላው ያደፈ ይመስላል፤ ምክንያቱ ያው ነው። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ቀርቦ ከፊታቸው ላይ መለካት፣ ወይም አንድ ሁለት እርከን መጨመር፣ ወይም ዞር ብሎ ሜዳውን ከጀርባ ማስወጣት። ሦስቱንም አላደረግንም።

መሣሪያው ራሱ ንጹሕ ነው ለማለት አይደለም። የቀለም ፊልም በሚመረትበት አገር ላቦራቶሪዎች ቀለም የሚያስተካክሉት ለብዙ ዓመታት «ሸርሊ» በሚባል የኮዳክ ካርድ ላይ ባሉ ነጭ ሴቶች ቆዳ ነበር፤ ጥቁር ፊት በዚያ ስሌት ውስጥ የታሰበበት ዘግይቶ ነው። ይህን ስናነብ «አያችሁ!» ብለን ልናመካኝበት ዳድቶን ነበር። ነገር ግን ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ባሉት ፎቶ ቤቶች በየቀኑ የጠይም ሰው ፊት በትክክል ሲነሣ እናያለን። ማመካኛችን ውድቅ ሆነ።

ፎቶ ቤት ያሉት ሰው የጠየቁን

ስለ ፎቶ ቤት ከተነሣ፣ የዚህ ጽሑፍ ግማሹ ሐሳብ የእኛ አለመሆኑን እንናገር። 24ቱን ፎቶዎች ይዘን ከተማ ውስጥ ለብዙ ዓመት ፎቶ ቤት ወዳላቸው አንድ ጋሼ ሄድን። በልባችን ምስጋና ጠብቀን ነበር። መነጽራቸውን አደረጉና አንድ ባንድ ገለበጡ። 6ኛው ላይ ቆሙ።

«ይቺ ሴትዮ ይህን አይታዋለች?»

«አላዩትም ጋሼ።»

«እሱማ ያስታውቃል። አያችሁ ልጆች፣ እኔ ዘንድ ፊቱ የጠቆረበት ሰው ገንዘቡን አይከፍለኝም። "ይህ እኔ አይደለሁም" ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎት ይወጣል። እንደገና አነሣዋለሁ። እንዲህ እየተመለሰብኝ ነው የተማርኩት። እናንተን ማነው የሚመልስባችሁ?»

ከመጽሐፍ ብናነበው ይህን ያህል አይመታንም ነበር። የምናቃቸው ሂሶች ሁሉ ከአንባቢ የሚመጡ ናቸው። ለፎቶግራፍ ግን ከአንባቢ በፊት ሌላ ሃያሲ አለ፤ የተነሣው ሰው። እኛ ይህን ሃያሲ ዘልለን ነው ኮሪደር ላይ የሰቀልነው። የአማርኛችን አነጋገር ራሱ ያሳስባል። «ፎቶ ተነሣሁ» የሚለው ባለቤቱ ነው፤ መነሣቱ የሱ ነው፤ ፎቶውም አብሮት ቤት ይገባል። «ማንሣት» ግን ሌላም ትርጉም አለው፤ የሰው ዕቃ አንሥቶ መሄድም ማንሣት ነው። ከሁለቱ የትኛውን ስንሠራ እንደቆየን አንባቢ ይፍረድ።

ስለ ልጁና ስለ ቆሙበት ቦታ

17ኛው ፎቶ ገበያ ውስጥ ቀዳዳ ሸሚዝ ለብሶ የተቀመጠ ልጅ ነው። ከላይ ወደ ታች ተነሥቷል፤ ልጁ ቀና ብሎ ያየናል፤ ዓይኑ ትልቅ ነው። ያየው ሁሉ «ያሳዝናል» አለ። እኛ ግን እዚያ ነበርን። ልጁ እናቱ አቮካዶ ሽጣ እስክትጨርስ ይጠብቅ ነበር፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ከጓደኛው ጋር ሲሣሣቅ ነበር። ሐዘኑን ያመጣነው እኛ ነን፤ ያመጣነውም ቆመን በማንሣታችን ነው። ብንንበረከክ ኖሮ ፎቶው ስለ አንድ ትዕግሥተኛ ልጅ ይሆን ነበር። እንግዲህ ጉልበት ማጠፍና አለማጠፍ፣ ቅርጽ ያልነው ነገር፣ ይዘቱን ገለበጠው ማለት ነው።

ይህም አቋቋም ቢሆን ከየት እንደመጣ ማሰብ ይገባል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ድረስ የዘለቀው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎችን ይዞ ነበር፤ አገራችን በፎቶግራፍ መታየት ከጀመረችባቸው አጋጣሚዎች አንዱ ይኸው የወራሪ ጦር ዓይን ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ከቢቢሲው ማይክል ቡርክ ጋር ቆረም ላይ ያነሣው ፊልም ዓለምን አስደነገጠ። ያ ፊልም እርዳታ አስገኝቷል፤ ሰው አትርፏል፤ ይህን የሚክድ የለም። ዳሩ ግን ከዚያ ወዲያ ኢትዮጵያ ሲባል ዓለም አስቀድሞ የሚያስታውሰው ያንን ምስል ሆነ። እኛ ራሳችን፣ ከዚያ ዘመን በኋላ የተወለድነው፣ ካሜራ በያዝን በወሩ ዲላ ገበያ ላይ የዚያኑ ቅጂ ፈለግን። የባማኮን የፎቶግራፍ ሽልማት በ2007 እ.ኤ.አ. ያገኘችው አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን ዝግጅት አዲስ አበባ ላይ ስትመሠርት አፍሪካዊው ራሱ የሚያየውን የሚያሳይበት መድረክ ከፈተች። መድረክ ግን ብቻውን ዓይን አይለውጥም። ዓይናችን የእኛ ኃላፊነት ነው።

የትክል ድንጋዮቹን ነገር ባጭሩ እንለፈው። 20ኛው ፎቶ ቱቱ ፈላ ላይ በስድስት ሰዓት የተነሣ ነው። ዲላና አካባቢዋ ከምድር ወገብ በስድስት ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሚርቁ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ነው የምትወጣው። በዚያ ሰዓት ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው መስመር ሁሉ ይጠፋል። በማግሥቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከመካከላችን አንዱ ተመልሶ ሲሄድ ብርሃኑ ከጎን እየጠረገ መስመሩን አወጣለት። ድንጋዩ ያው ነው፤ ሰዓቱ ነው ያነበበው።

በመካከላችን የቀረው ክርክር

ከአራታችን አንዱ እስከ ዛሬ አልተስማማም። የሱንም ሐሳብ ሳናጎድል እናቅርብ። «ሁሉ ሰው አስፈቅዶና አሳይቶ ቢያነሣ ኖሮ የዓለም ግማሹ ታላቅ ፎቶግራፍ ባልኖረ» ይላል። ምሳሌም አለው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አካባቢ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን 157 ሰዎች አለቁ። ሙሉጌታ አየነ በዚያ ሥፍራ የሐዘንተኞችን ለቅሶ አንሥቶ በ2020 እ.ኤ.አ. የወርልድ ፕሬስ ፎቶ ሽልማት ተሰጥቶታል። «እዚያ አፈር ለምትበትን እናት ቆሞ ፈቃድ ሊጠይቃት ነበር?» ይለናል። በቅርባችንም በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አካባቢ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ሲፈናቀል፣ ፎቶግራፍ ባይኖር ኖሮ ማን ይሰማ ነበር ይላል።

ልክ ነው። እኛም መከራ አይነሣ አላልንም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ያ ባለሙያ የሚያነሣበት ምክንያት ነበረው፤ ሕዝብ ማወቅ ያለበት ነገር ነበር። የእኛ የገበያ ልጅ ግን ማንም ሊያውቀው የሚገባ መከራ አልነበረበትም። እኛ መማሪያ ነው ያደረግነው። ለመማሪያ የሚሆን ሰው ደግሞ ቢያንስ የተማርንበትን ሊያይ ይገባዋል። ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል፤ ክርክሩ አላለቀም።

ስለ መመለስ

ከፎቶ ቤቱ እንደወጣን ወሰንን። 24ቱ ላይ ያሉትን ሰዎች እየፈለግን ፎቷቸውን መስጠት። ዘጠኙን አገኘናቸው። እፍኝ ቡና የያዙልን አራቱ ሰዎች ግን የትኛው እጅ የማን እንደሆነ ራሳችንም ስለጠፋን፣ ለማን እንስጥ? የዚያ ፎቶ ሂስ ከዚህ በላይ የለም።

እንሰት የሚፍቁት እናት ዘንድ ስንደርስ 6ኛውን ሰጠናቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። «ልጆቼ፣ ይህቺ እኔ ነኝ? ድስት ናት እንጂ!» ብለው ሣቁ። እኛም ከኀፍረታችን ጋር ሣቅን። እንደገና አነሣናቸው፤ በዚህ ጊዜ ዞረን፣ ቀርበን፣ ከፊታቸው ላይ ለክተን። ካሜራው ጀርባ ላይ ስናሳያቸው አንገታቸውን ነቀነቁና ወደ ቤት ገቡ። ሲመለሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ፈቱት። 3 በ 4 የሆነች የልጃቸው ጉርድ ፎቶ ናት፤ ከትምህርት ቤት መታወቂያ ላይ የተላቀቀች። ልጁ አሁን በሕይወት የለም። በ2010ሩ መፈናቀል ቤት ንብረታቸውን ትተው ሲወጡ ከሱ የቀረቻቸው እሷ ብቻ ናት። «ይህቺን አሳድጉልኝ» አሉን።

በአራት ወር ከሠራነው ሁሉ ጥንቃቄ ያደረግንበት ሥራ ይህ ነው። ብልጭታ እንዳይመታት ከፀሐይ አውጥተን ጥላ ውስጥ ጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ አደረግናት፤ ሌንሱን ትይዩ አድርገን፣ ፍላሽ አጥፍተን፣ ትንፋሽ ይዘን ዐሥር ጊዜ አነሣናት። የልጁ ትከሻ ላይ የክቡ ማኅተም ግማሽ አለ። እኛ ማኅተሙን ወደድነው፤ «ይህማ ታሪክ ነው፣ እውነታ ነው፣ አይነካም» ተባባልን። ሆኖም የጋሼን ጥያቄ አስታወስንና ጠየቅናቸው።

«አጥፉልኝ» አሉ። «ልጄ የቢሮ ወረቀት አይደለም።»

ኮምፒውተር ላይ አንድ ማታ ሙሉ ሠርተን አጠፋነው። ትከሻውን ከሌላኛው ትከሻ እየቀዳን ሞላነው። እንደ ሃያሲ ብንጠየቅ ፎቶው ላይ የሌለ ነገር ጨምረናል፤ ያለውንም ቀንሰናል። ቢሆንም አልጸጸተንም፤ ያ ፎቶ የሚናገረው ለእሳቸው እንጂ ለእኛ አይደለም። አሁን በመስታወት ሆኖ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ኮሪደር ላይ አልሰቀልነውም፤ ቅጂም አላስቀረንም።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ 24ቱ አሁን ከሲባጎው ወርደዋል። ከሰኔ በፊት ሌላ ለመስቀል አስበናል፤ ከእንግዲህ የምንሰቅለው የተነሣው ሰው አስቀድሞ ያየውን ብቻ ነው። እፍኝ ቡና አይኖርም። የጓሮውን ፎቅ አሁንም አልቻልንበትም፤ የሚያውቅ ካለ መጥቶ ያሳየን። «አሪፍ ነው» የምትሉ ግን፣ ምኑ አሪፍ እንደሆነ በአንድ ብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ በሩ ሥር ጣሉልን።